ለርብቃ የተውኩላት ነጥብ

ሰሞኑን ዝናቡ ከእኩለ ቀን ጀምሮ አላባራ ሲል የልጄ ልጅ ሶስና ስልኳን ይዛ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ሶዶ በሐምሌ እንዲህ ናት። ዳሞታ ተራራ ጠዋት ጉም ከለበሰ ቀኑን ሙሉ አያወልቅም፤ መንገዱ ቀይ ጭቃ ይሆናል፤ ሰው የግድ ካልሆነበት ከቤቱ አይወጣም። እኔ ደግሞ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝና የምቸኩልበት ጉዳይ የለኝም። ሶስና «እማማ፣ ይሄን እዪ እስቲ» ብላ ስልኩን ወደ ዓይኔ አስጠጋችው።

ሁለት ሰዎች የጠረጴዛ ቴኒስ ያስተምራሉ። መጀመሪያ የራኬት አያያዝ አሳዩ፤ ቀጥሎ አቋቋም፤ ቀጥሎ ኳስን ቀስ ብሎ መመለስ። ከዚያ ትርኢቱ መጣ። አንደኛው ጀርባውን ሰጥቶ መታ፤ ሌላኛው በእግሮቹ መሃል አሾልኮ መለሰ። በመጨረሻ አንደኛው ኳሷን ከሥሯ ዳበስ አድርጎ ለቀቃት። መረቡን ተሻገረች፣ አንዴ ነጠረች፣ ከዚያ ዕቃ ረስቶ እንደወጣ ሰው ዞራ ወደ መጣችበት ተመለሰች። ሶስና በሳቅ ፈረሰች። እኔ አልሳቅኩም።

«ይህችን እኔም መትቻታለሁ» አልኳት።

«አንቺ? የት?»

«እዚሁ ሶዶ። ልጅ ሆኜ።»

አላመነችኝም፤ አልፈረድኩባትም። ደረጃ ስወጣ የሚያየኝ ሰው ሁሉ ባያምነኝ ደንብ ነው። እሷ ወደ ሌላ ነገር አለፈች። እኔ ግን ዝናቡን እያዳመጥኩ እዚያው ቀረሁ። ያቺን ኳስ ማን ላይ እንደመታኋትና ከዚያ በኋላ የሆነውን ከዳር እስከ ዳር ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ቤታችን እዚሁ ሶዶ፣ አራዳ ሰፈር ነው። አባቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ የእሱ አባት ከሸዋ በሥራ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። በቤታችን የሚነገረው አማርኛ ብቻ ስለነበር ወላይትኛን የተማርኩት ከመንገድ፣ ከገበያና ከርብቃ ነው።

ርብቃ የክፍል ጓደኛዬ ናት። ወላጆቿ ተበላ አካባቢ ቆላ ውስጥ የሚያርሱ የጸሎት ሰዎች ነበሩ። ለትምህርት ብለው ሶዶ አክስቷ ዘንድ አስቀመጧት። በሕፃንነቷ የያዛት በሽታ ቀኝ እግሯን አመንምኖት ነበር፤ ስትራመድ በእጇ ጉልበቷን ገፋ ታደርገዋለች። ሆኖም አንድም ቀን አርፍዳ አታውቅም። ሁላችንም ቁርስ ላይ ሳለን እሷ መንገድ ትጀምራለች፤ ዳገቱን ማንም ሳያያት ትጨርሰውና እኛ ስንደርስ ተቀምጣ ታነባለች። ይህን ልብ ያልኩት ከተዋወቅን ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው። አማርኛዋ ጥሩ ነበር፤ ሲያስቸኩላት ወይም ሲያናድዳት ብቻ ወንድና ሴቱ ይቀላቀልባትና «ሂሩት፣ የት ሄደህ ነበር?» ትለኛለች። እኔም የእሷን ቋንቋ ስሰብር ትስቅብኝ ስለነበር እኩል ነበርን።

የቀበሌው አዳራሽ ከሰዓት በኋላ የወጣቶች ነበር። መሃሉ ላይ የከተማችን አናጢ የሠራው የቴኒስ ጠረጴዛ አለ። አንዱ ጥግ ጎድጉዷል፤ ኳስ እዚያ ካረፈች አትነሳም፤ ሁላችንም ያችን ጥግ «መቃብር» እንላት ነበር። መረቡ ከአባያ የመጣ አሮጌ የዓሣ መረብ ነው፤ በጭጋጋማ ቀን ይሸታል። ኳስ እንደ ወርቅ ብርቅ ነበረች። የተጨረመተችውን አንጥላትም፤ የፈላ ውኃ ውስጥ ስንከታት ቀስ ብላ ተነፍታ ትድናለች። ይህን ሥራ የሚሠራው ነጥብ ቆጣሪው ነበር። ነጥብ ቆጣሪዋ ደግሞ ርብቃ ናት። ግድግዳ ተደግፋ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ትቆጥራለች፤ ለእሷ የሚሆን ቦታ ያ ብቻ ነው ብለን ሁላችንም ደምድመን ነበር።

አንድ ቀን ተጋጣሚ አጥቼ ግድግዳ ላይ ብቻዬን ኳስ ሳነጥር ከአግዳሚው ተነሳች። ግራ እጇን ጠረጴዛው ላይ አሳርፋ ራኬት አነሳች። መታሁላት፤ መለሰች። ደግሜ መታሁ፤ መለሰች። እንዲያ ስንል ከሠላሳ በላይ ሳናቋርጥ ተመላለስን።

«አንቺ መቼ ተማርሽ?» አልኳት።

«ስቆጥር» አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ተጫወትን። ስንጨርስ ገበያው ዳር በቆሎ እሸት ገዝተን ዳጣ አስቀብተን እንበላለን፤ ዳጣው ዓይናችንን ሲያስለቅሰን ማን ቀድሞ ውኃ እንደሚጠይቅ እንወራረዳለን። ከአሥር ጨዋታ እኔ ስድስቱን ባሸንፍ አራቱን እሷ ታሸንፍ ነበር። አንዳንድ ሳምንት ይገለበጣል። በዚህ የምትኮራውን ያህል በፈተና ውጤቷ አትኮራም ነበር።

አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ውስጥ ወደ ቀኟ ርቃ የምትሄድ ኳስ፣ ወይም መረቡ ሥር የምትወድቅ አጭር ኳስ መትቼባት አላውቅም። ማንም አላለኝም። የመጀመሪያው ቀን እጄ በራሱ ሸሸ፤ ከዚያ ልማድ ሆነ። እሷ ቆማ የምትደርስበትን ብቻ እመታለሁ። ለራሴም ቢሆን በግልጽ ተናግሬው አላውቅም። ደግነት መስሎኝ ነበር። እሷ ደግሞ እኩል መሆናችንን ታምን ነበር።

በጥቅምት፣ ዝናቡ አልፎ አየሩ ሲጠራ፣ ከአዲስ አበባ ሁለት ባለሙያዎች እንደሚመጡ ተነገረ። ሦስት ቀን ያስተምራሉ፤ በአራተኛው ቀን አጋጥመው ከሴት አንድ፣ ከወንድ አንድ መርጠው አዋሳ ለሚደረገው ውድድር ይወስዳሉ። ያን ዕለት ወደ ቤት ስንሄድ ርብቃ ከወትሮው ቀስ አለች።

«ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለእግሬ ይጸልያሉ» አለችኝ። «እጃቸውን ጭነው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። እወዳቸዋለሁ። ግን አንድ ቀን ሰዎች ዓይናቸውን ገልጠው እንዲያዩኝ እፈልጋለሁ።»

«ታሸንፊያለሽ» አልኳት።

ባለሙያዎቹ እትዬ ፀሐይና ጋሽ በላቸው ይባላሉ። እሱ ረጅም፣ ቀጭን፣ ተጫዋች ሰው ነው። እሷ አጭር፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ንግግሯ ቁጥብ። የመጀመሪያውን ቀን ኳስ ልንመታ ስንቋምጥ እትዬ ፀሐይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ኳስ አላስነካችንም። «ራኬቱን ሰው እንደምትጨብጡ ያዙት» አለች። «ሰው ስትጨብጡ እጁን አታደቁትም፤ አትለቁትምም።» ከዚያ አቋቋም። ጉልበት በርከክ፣ ክብደት ወደ እግር ጣት፣ ዓይን ኳሷ ላይ። «መታሁ ብላችሁ አታድንቁ፤ መትታችሁ ወደ መሃል ተመለሱ። የሚቀጥለው ኳስ እየመጣ ነው።» ያን ያህል ተራ ነገር ያን ያህል ጊዜ ስንደጋግም ሰለቸን። ርብቃ አልሰለቻትም። እያንዳንዱን ቃል እንደ ጥቅስ ታጠናው ነበር።

ተራዋ ሲደርስ እትዬ ፀሐይ እግሯን አየች። እኛ ሁላችን የምንለው ነገር ይኖራል ብለን ጠበቅን። ጎንበስ ብላ የርብቃን ግራ እግር ትንሽ ወደ ፊት አስቀደመችው፤ እሷንም ወደ ጠረጴዛው አስጠጋቻት። «አንቺ ኳሷን ከኋላ አትጠብቂያት። ገና ከጠረጴዛው ስትነሳ ምቻት። ከቀደምሻት መሮጥ አያስፈልግሽም» አለቻት። ሞከረች። ኳሷ በጠረጴዛው ላይ እንደ ጥይት አለፈች።

ስንመለስ ርብቃ መንገዱን ሁሉ ስታወራ ነበር። «ሰማሽ? አይዞሽ አላለችኝም» አለች። «አንድ ጊዜ እንኳ አይዞሽ አላለችኝም!»

ሦስተኛው ቀን ሕዝቡ ሁሉ እንዲያይ የተዘጋጀ ትርኢት ነበር። አዳራሹ ሞላ፤ መስኮቱም በሰው ተጋረደ። ጋሽ በላቸው ጠረጴዛው ማዶ ያቆማትን የክብሪት ሣጥን በአንድ ምት ጣላት። ራኬቱን አስቀምጦ በጫማው ተጫወተ። ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣ በግራ እጁ ተጫወተ። ኳስ ወደ ላይ ልኮ የቆርቆሮ ኩባያ ውስጥ ሲያስገባት ሽማግሌዎች ሳይቀሩ አጨበጨቡ። ከዚያ ያቺን ተመላሽ ኳስ አሳየን። ሕዝቡ አስማት ያየ መሰለው። «ምንም አስማት የለውም» አለ እየሳቀ። «ራኬቱን አስተኝታችሁ ከሥሯ ግፈፏት። ከወተት ላይ ስልባቦት እንደምታነሱ።»

ማን ይሞክር ሲል እጄን አወጣሁ። ሁለቴ ሳትኩ። በሦስተኛው ኳሷ መረቡን አልፋ ነጠረችና ወደ እኔ ተመለሰች። አዳራሹ ጮኸ። ያ ጩኸት ልቤ ውስጥ ገባ፤ ያን ሌሊት እጄን በአየር ላይ እያዞርኩ አደርኩ። ርብቃ ግን ስታየው ብዙም አልገረማት። «ለማሳቅ ነው» አለች። እትዬ ፀሐይም ሰምታት ኖሮ ራሷን ነቀነቀች። «ጌጥ ነው። ቤት የሚቆመው በምሰሶ ነው» አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ውድድሩ ተካሄደ። ከሴቶቹ እኔና ርብቃ ሌሎቹን አሸንፈን ለመጨረሻው ደረስን። የያኔው ጨዋታ እስከ ሃያ አንድ ነጥብ ነው፤ ከሦስት ዙር ሁለቱን ያሸነፈች ታልፋለች። እንደ ልማዳችን ጀመርን። እኔ ወደ ግራዋ፣ ወደ መሃሏ፤ እሷ ደግሞ በአዲሱ ትምህርት ኳሷን ገና ከመነሳቷ እየቀደመች። የመጀመሪያውን ዙር ሃያ አንድ ለአሥራ ሰባት ወሰደች። አክስቷ ከኋላ እልል አለች።

በዕረፍቱ እትዬ ፀሐይ ክንዴን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችኝ።

«በቀኟ በኩል ሜዳው ክፍት ነው። ለምን አትመቺም?» አለችኝ።

ራኬቱን በእጄ አገላበጥኩት።

«ጓደኛሽ ናት ወይስ በሽተኛሽ?»

«ጓደኛዬ ናት።»

«እንግዲያው ተጫወቻት። ማዘን ከሆነ ሐሳብሽ ራኬቱን አሁኑኑ አስቀምጪው።»

ሁለተኛውን ዙር የገባሁት በእልህ ነው። ወደ ቀኝ ጥግ መታሁ፤ አልደረሰችም። እንደገና መታሁ፤ አልደረሰችም። ርብቃ ቀና ብላ አየችኝ፤ ሌላ ሰው ቤት በስህተት የገባች ይመስል ነበር። ያም ሆኖ እጇን ከዘረጋች የምትደርስበትን ሁሉ መለሰች። ዙሩን ሃያ አንድ ለአሥራ አራት አሸነፍኩ።

በሦስተኛው አሥራ ስምንት ለአሥራ ስምንት ደረስን። ርብቃ ቀኙን መጠበቅ ተምራ ነበር። ያኔ ነው ያቺ ኳስ ትዝ ያለችኝ። ነጥቡን አስቤ ነው ብል እዋሻለሁ፤ ያን ጩኸት ደግሜ መስማት ፈልጌ ነበር። ራኬቱን አስተኝቼ ገፈፍኳት። ኳሷ መረቡን አለፈች፣ ነጠረች፣ ዞረች። ርብቃ ወደ ፊት ተወረወረች። ግራ እጇ ከጠረጴዛው ተንሸራተተ፤ እግሯ አልያዘላትም። አገጯ የጠረጴዛውን ጠርዝ መትቶ ወደቀች።

ማንም አልጮኸም። ከኋላ አንድ ሽማግሌ «ነውር ነው! ነውር!» ሲሉ ብቻ ተሰማ። ጋሽ በላቸው ሊያነሳት ሮጠ፤ በእጇ ከለከለችው። ጠረጴዛውን ይዛ ራሷ ተነሳች። አገጯ ደምቷል፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

«ነጥቡ ያንቺ ነው። ቀጥዪ» አለችኝ።

አሥራ ዘጠኝ ለአሥራ ስምንት እየመራሁ ነበር። ሁለት ነጥብ ቀርቶኛል። ያ «ነውር ነው» ግን ጆሮዬ ላይ ያስተጋባል። የሚቀጥለውን ኳስ ሆን ብዬ መረብ ላይ መታሁ። ከዚያ የሚቀጥለውን ከጠረጴዛው አሳልፌ ወደ ውጭ ሰደድኩ። ሃያ ለአሥራ ዘጠኝ መራች። አንድ ነጥብ ብቻ ቀራት። ቀጣዩን ኳስ ከፍ አድርጌ፣ ቀስ አድርጌ፣ ሕፃን እንኳ የማይስታትን፣ ወደ ጠንካራ ጎኗ ላክሁላት።

ርብቃ አልመታችም። ኳሷን በእጇ ቀለበቻት። ቆማ አየቻት፤ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«እስከ ዛሬም እንዲህ ነበር?» አለች ቀስ ብላ።

ዓይኔን ወደ መረቡ መለስኩ። ያ በቂ መልስ ሆነላት።

«ሁለት ዓመት ሙሉ?» አለች። ከዚያ አማርኛዋ ተቀላቀለባት። «ሁለት ዓመት ሙሉ ስትተውልኝ ነበርክ?»

ኳሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ራኬቱን ደፋችባት። ጉልበቷን በእጇ እየገፋች በሕዝቡ መሃል አልፋ ወጣች። ሕዝቡ መንገድ ለቀቀላት። ጋሽ በላቸው እስከ መንገዱ ድረስ ተከትሎ ለመናት፤ አልመለስም አለች። እትዬ ፀሐይ ደብተሯን አውጥታ የእኔን ስም ስትጽፍ ፊቴን አላየችኝም።

አዋሳ ሄድኩ። ሁለት ጊዜ ተጫውቼ ሁለት ጊዜ ተሸነፍኩ። ተመላሿን ኳስ ሞክሬ ነበር፤ የአዋሳዋ ልጅ አንድ እርምጃ ገባ ብላ፣ ኳሷ ነጥራ ሳትዞር ቀድማት፣ ዓይኔ እያየ ጥግ ላይ ቀበረችብኝ። ማንም አልሳቀም፣ ማንም አላጨበጨበም። በመልሱ ጉዞ በሻሸመኔ መንገድ አውቶቡሱ ውስጥ መስኮት ተደግፌ ስመጣ ሽንፈቱ አላሳዘነኝም። ያሳሰበኝ ሰኞ ክፍል ውስጥ ምን እንደምላት ነበር።

ምንም አላልኳትም። ርብቃ ወንበር ቀይራ ሌላ ረድፍ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ሰላም ስላት ሰላም ትለኛለች፤ ከዚያ አያልፍም። ወደ አዳራሹ ዳግም አልመጣችም። እኔም ብዙ አልቆየሁም፤ ከሌላ ሰው ጋር መጫወት አልጥመኝ አለ። ዓመቱ በዚሁ አለቀ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወስደን ውጤት ሲመጣ እኔ ነርስነት ደረሰኝ፤ እሷ መምህርነት። ከሶዶ ከመውጣቴ በፊት አንድ የገበያ ቀን ከነጋዴዎች ጋር አይሱዙ ላይ ተሳፍሬ ተበላ ወረድኩ።

ከሶዶ ወደ ተበላ ሲወረድ ልብስ እያወለቁ መሄድ ያሰኛል። ቅዝቃዜው ከኋላ ይቀራል፤ ሙቀቱ ፊት ለፊት ይመጣል፤ አባያ ከሩቅ ያብረቀርቃል። ከገበያው አንድ ሰዓት በእግር ሄጄ ቤታቸው ስደርስ እናቷ አላወቁኝም፤ ስሜን ስነግራቸው ግን «ሂሩት!» ብለው አቀፉኝ። ለካ ምንም አልነገረቻቸውም። የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ አቀረቡልኝ። ርብቃ ከጓሮ መጣች። ማንጎው ጥላ ሥር ተቀመጥን።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አልኳት። «ያቺን ኳስ መምታት አልነበረብኝም።»

«ኳሷ ጥሩ ነበረች» አለች። «መድረስ ነበረብኝ፤ አልደረስኩም። ወደቅሁ። ስወድቅ ሰው ሁሉ አዘነልኝ፤ እሱን ለምጄዋለሁ።»

«እና በምንድን ነው የተቀየምሽኝ?»

እናቷ ቤት ውስጥ ዕቃ ሲያንቀሳቅሱ ይሰማል።

«ካንቺ ጋር ስጫወት እግሬን እረሳው ነበር» አለች። «በሳምንት ውስጥ የምረሳው እዚያች ጠረጴዛ ላይ ብቻ ነው። ለካ አልረሳሁትም። አንቺ ነሽ የደበቅሽብኝ። ስንቱን በእውነት እንዳሸነፍኩ አሁን አላውቅም። አራቱን? አንዱን? ምንም? ብትነግሪኝ ቀኙን መጠበቅ በሁለት ዓመት እማር ነበር። በአንድ ዙር ተምሬው የለ?»

አለቀስኩ። አላባበለችኝም፤ እስክጨርስ ግን ጠበቀችኝ። ከዚያ «ብዪ ጎደሬው ቀዘቀዘ» አለች። ማምሻውን እስከ መኪናው ድረስ ሸኘችኝ፤ የአንድ ሰዓቱን መንገድ እኔ በእሷ እርምጃ ልሄድ ስል «ተራመጂ፣ እደርስብሻለሁ» አለችኝ። እውነትም ደረሰችብኝ።

ይቅር አለችኝ፤ ግን ዳግም አብረን አልተጫወትንም። እሷ አላነሳችውም፤ እኔም ለመጠየቅ አልደፈርኩም። ጓደኝነታችን ግን ቆየ። በሠርጌ ላይ አጠገቤ ነበረች። እሷም መምህር አግብታ በዴሳ ወደምትባል ከተማ ገባች፤ ሦስት ልጆች ወለደች። በትምህርት ቤቷ የቴኒስ ጠረጴዛ አሠርታ ስንት ልጅ አሠለጠነች። አንድ ጊዜ ስታስተምር ቆሜ አይቻታለሁ። አንዲት ትንሽ ልጅ ስትሸነፍ አለቀሰች። ርብቃ «እንደገና ነይ» አለቻት፤ እንደገናም አሸነፈቻት። ከዚያ ለምን እንደተሸነፈች ቁጭ ብላ አስረዳቻት።

አምና ርብቃ ሆዷን ታመመች። ሶዶ ታየች፤ ቀጥሎ አዲስ አበባ ሄደች። ውጤቱን የተቀበለው የመጀመሪያ ልጇ ዮናታን ነው። ከአዲስ አበባ እንደተመለሱ ቤቴ መጣ። ወረቀቱን አሳየኝ፤ አንብቤ ስጨርስ መነጽሬን አወለቅሁ።

«እትዬ ሂሩት፣ ለእናታችን ጨጓራ ነው ብለናታል» አለኝ። «ሽማግሌዎቹም፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎችም ተስማምተዋል። ብታውቅ ተስፋ ትቆርጣለች። እርስዎ ነርስ ስለሆኑ የሚሉትን ታምናለች። እባክዎ እንደኛው ይበሏት።»

ልጁን አልነቀፍኩትም። አገሩ እንዲህ ነው፤ መርዶ እንኳ ሰው ተሰብስቦ፣ ጊዜ ተመርጦ ነው የሚነገረው። እኔ ራሴ በሥራ ዘመኔ ሁሉ ዘመድን ወደ ኮሪደር እየጠራሁ በሹክሹክታ ስንቱን ነግሬያለሁ፤ አልጋው ላይ ላለው ሰው «ደህና ነህ» ብዬ ፈገግ ብያለሁ። «እሺ» አልኩት። በዕለቱ እሺ ያልኩት ከልቤ ነበር።

በማግስቱ በሚኒባስ ወደ በዴሳ ወረድኩ። ርብቃ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ወንበር ተደርጎላት ጋቢ ለብሳ ተቀምጣለች። ከስታ ትከሻዋ የልጅ ትከሻ መስሏል። ዮናታን በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል። ስለ ዝናቡ፣ ስለ በቆሎው፣ ስለ ልጅ ልጆች አወራን። ከዚያ እጄን ያዘችው።

«ሂሩት፣ የልጆቼ ፈገግታ በዛብኝ» አለች። «ምንድን ነው ያለብኝ?»

ጨጓራ የሚለው ቃል አፌ ላይ ነበር። አሁንም ያ ቃል ምላሴ ላይ የነበረው ክብደት ይሰማኛል። ዮናታንን አየሁት፤ በዓይኑ ይለምነኛል። እሷን አየኋት፤ ትጠብቀኛለች።

ነገርኳት። የበሽታውን ስም ጠርቼ፣ የት ድረስ እንደሄደ፣ ሐኪሞቹ ሊያደርጉ የሚችሉትንና የማይችሉትን። ዮናታን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ስንት ጊዜ አለኝ?» አለች።

«አላውቅም። ረጅም አይደለም።»

አላለቀሰችም። እጄን አልለቀቀችም። ዶሮዎቹ እግራችን ሥር ይጭራሉ፤ በመንገዱ ሞተር ያልፋል። ከዚያ «ዮናታን፣ ና» አለች። መጥቶ ተንበረከከ። በወላይትኛ አነጋገረችው፤ ቃል በቃል ባልይዘውም ሐሳቡ ይህ ነበር፦ ከዛሬ ጀምሮ ስለ እኔ የምታወሩትን እኔ ባለሁበት አውሩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ዛሬ እዚህ እደሪ» አለችኝ። አደርኩ። ስለ ድሮው አንድም ቃል አልተነጋገርንም።

ሰባት ወር ኖረች። ተበላ ወርዳ ከወንድሟ ጋር የነበራትን የቆየ ቅያሜ ፈታች። ክፍሏን ለምትተካት መምህርት ራሷ አስረከበች። የምትቀበርበትን ቦታ፣ የሚዘመርላትን መዝሙር መረጠች። ህመሙ ሲበረታባት ጮኸች፤ ሌላ ነገር ነው ብሎ ያታለላት አልነበረም። ያለፈው የካቲት ቀበርናት።

ዮናታን ከዚያች ቀን ጀምሮ እስከ ቀብሯ አላናገረኝም። ለቅሶ ላይ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ፤ «እኔ ልነግራት አልችልም ነበር» አለኝ፤ ሌላ ነገር አልጨመረም። ምስጋና ይሁን ወቀሳ እስከ አሁን አልለየሁትም። ምናልባት እሱም አልለየውም። ሌሎቹ ልጆቿ ሲያገኙኝ ዛሬም ቀዝቀዝ ይሉብኛል፤ እናታችንን አስደነገጠቻት ይላሉ አሉ። ሊሆን ይችላል። ሰው ለሚወደው ሰው ሲራራ ብዙ ጊዜ ልክ ይሆናል፤ እኔም ለብዙ በሽተኛ ዝም ብያለሁ፤ የሁሉንም ዝምታ አልጸጸትበትም። ርብቃ ግን ዓይኔን እያየች ጠየቀችኝ፤ እኔም መለስኩላት። በዚህ ዕድሜዬ ስለ ብዙ ነገር እርግጠኛ አይደለሁም። በዚህች አንድ ነገር ግን እንቅልፍ አጥቼ አላውቅም።